መቃወሚያዎቹ ብይን ሳይሰጥባቸው ግንባታው ቀጥሏል፤ ምን ማድረግ እችላለሁ?

የተከበራችሁ የሕግ ባለሙያዎች፣

አዲስ አበባ ውስጥ ከአጥሬ ጋር ተያይዞ ለሚሠራ ሕንፃ የተሰጠው የግንባታ ፈቃድ እንዲሰረዝ ክስ መሥርቻለሁ። ፈቃድ ሰጪው አካልና ባለሕንፃው በመልሳቸው ፍርድ ቤቱ ሥልጣን የለውም፣ ከሳሽ ለመክሰስ የሚያበቃ ጥቅም የለውም፣ ክሱም በይርጋ (ክስ የማቅረቢያው ጊዜ በማለፉ) ታግዷል የሚሉ መቃወሚያዎችን አስቀድመዋል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 244 እና 245 እንዲህ ያሉ ነጥቦች ወደ ፍሬ ነገሩ ከመገባቱ በፊት እንዲወሰኑ የሚያዝዙ ሆነው ሳለ፣ ችሎቱ ፈቃዱ መሰጠቱን መቼ እንዳወቅሁ ሳይጣራ በይርጋው ላይ ብይን አልሰጥም በማለት ሦስቱንም ከዋናው ጉዳይ ጋር አቆይቷቸዋል። ችሎቱ ይርጋውን ያቆየበት ምክንያት መሠረት የለውም አልልም፤ የፈቃድ ሰሌዳው የተተከለው ቁፋሮው ከተጀመረ በኋላ በመሆኑ ፈቃዱን መቼ እንዳወቅሁ መጣራት ያለበት ነውና። የሥልጣኑ ጥያቄ ግን ከክሱና ከሕጉ ብቻ የሚፈታ ነው። በዚህ መሐል የሁለተኛው ፎቅ ሶሌታ ተሞልቷል።

የሥልጣኑ ነጥብ ተነጥሎ አስቀድሞ እንዲወሰን በአቤቱታ መጠየቅ እችላለሁን? ችሎቱ ባይቀበለኝ፣ ቁጥር 320(3) በመቃወሚያ ላይ በሚሰጥ ትእዛዝ ብቻ ይግባኝ ማለትን ስለሚከለክል፣ እስከ መጨረሻው ፍርድ ከመጠበቅ ሌላ መንገድ ይኖር ይሆን? ሥልጣኑ ገና ባልተወሰነበት ሁኔታስ በቁጥር 154 መሠረት እግድ (ግንባታው ለጊዜው እንዲቆም የሚያዝዝ ትእዛዝ) መጠየቅ ያዋጣል? በተመሳሳይ ክርክር ያለፋችሁ ብትመልሱልኝ ከልብ አመሰግናለሁ።