ጥቆማ፦ የቤት ዘፈን በዋይፋይ ለማዳመጥ የቱ ይሻላል? ፕሌክስ፣ ጄሊፊን ወይስ ናቪድሮም

በየኤክስተርናሉና በየፍላሹ የተበተነ ዘፈኑን አንድ ቦታ ሰብስቦ ቤት ካለው ስልክ ሁሉ ማዳመጥ ለምትፈልጉ እኔ የምመርጠውን ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ወይ ኪራይ ቤት ለሚኖር ሰው ዩዝድ ላፕቶፕ ላይ ናቪድሮም የሚባለውን፣ ዘፈኑን በዋይፋይ ወደ ስልክ የሚልክ ፕሮግራም (ሰርቨር) ጭኖ መጠቀምን የሚያህል የለም፣ ዋናው ምክንያቴ ደሞ መብራትና ኔት ነው።

እነ ሲኖሎጂ የሚሰሩት፣ ራውተር ላይ ተሰክቶ ፋይል የሚያስቀምጥ ባለ ሁለት ዲስክ ሳጥን ጥሩ እቃ ነው፣ ሁለቱም ዲስክ ላይ አንድ አይነት እንዲጽፍ ካደረጋችሁት አንዱ ቢሞት ሌላው ይተርፋል፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳጥኑ ለብቻ ዲስኩ ለብቻ ነው የሚገዛው፣ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚይዝ ባትሪ) ካልጨመራችሁለት ደሞ መብራት በሄደ ቁጥር ድርግም ነው የሚለው። ራስፕቤሪ ፓይ የሚባለው ትንሽዬ ኮምፒውተር መብራት አይበላም ግን እሱም ባትሪ የለውም፣ እየጻፈ እያለ መብራት ከጠፋ ሚሞሪ ካርዱ ሊበላሽ ይችላል። ላፕቶፕ ግን ባትሪው እዛው አብሮት አለ። ስክሪኑ የተሰነጠቀ፣ ኪቦርዱ የሞተ ቢሆንም ግድ የለም፣ ስትገዙ ባትሪው መያዙን ብቻ እዩ፣ ቻርጀሩን ነቅላችሁ ትንሽ አቆዩት። ለራውተሩ ደሞ ሚኒ ዩፒኤስ ግዙለት። ያኔ ሰፈሩ ሁሉ ጨልሞ እያለ ዘፈኑ ከብሉቱዝ ስፒከሩ ሳይቋረጥ ይቀጥላል፣ ኔት ቢጠፋም ምንም አይሆንም ምክንያቱም ዘፈኑ ከላፕቶፑ ወደ ስልካችሁ የሚመጣው በራውተሩ በኩል እዛው ቤት ውስጥ ነው።

ዘፈኑን የምታስቀምጡበት ዲስክ ስትገዙ ግን ተጠንቀቁ፣ ያገለገለ ዲስክ ታሽጎ አዲስ ነው ተብሎ ይሸጣል። መርካቶም ግዙት ቦሌ መድኃኔዓለም፣ ከሱቁ ሳትወጡ ላፕቶፕ ላይ ሰክታችሁ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ክፈቱና ስንት ሰዓት እንደሰራ እዩ፣ ሺዎች ካሳየ እዛው መልሱለት። መጠኑ 1 ቴራ ለብዙ ሰው ይተርፋል፣ በፍላክ (ጥራቱን ሳይቀንስ በሚያስቀምጠው የፋይል አይነት) የተቀመጠ የ5 ደቂቃ ዘፈን 35 ሜጋባይት አካባቢ ስለሆነ ከ25,000 ዘፈን በላይ ይይዛል።

ወደ ሶፍትዌሩ ስንመጣ ፕሌክስ ያምራል፣ ፕሌክስአምፕ የሚባለው የዘፈን አፑም ምርጥ ነው፣ ግን አካውንት ከፍታችሁ በነሱ ሰርቨር በኩል ነው የምትገቡት፣ ኔት ለሚቆራረጥበት ቤት እኔ አልመክርም። ጄሊፊን በፈረንጆች 2018 ኤምቢ የሚባለው ተመሳሳይ ፕሮግራም ኮዱን ሲዘጋ ከሱ ተገንጥሎ የወጣ ነው፣ ሙሉ በሙሉ ነጻ ነው፣ ቤተሰቡ ፊልምም ማየት ከፈለገ እሱን ጫኑ። ዘፈን ብቻ ከሆነ ናቪድሮም ይሻላል፣ በጣም ቀላል ስለሆነ ደካማ ላፕቶፕም አይከብደውም፣ ሰብሶኒክ ለሚባለው የቆየ የዘፈን ሰርቨር የተሰሩ የስልክ አፖችም ስለሚሰሩለት በአንድ አፕ አትታሰሩም። ከነዚህ አፖች ሲምፎኒየም አንድሮይድ ላይ ከሁሉም የሚሻል ነው ግን ይከፈልበታል፣ የውጭ ካርድ የሌለው ሰው በሰብስትሪመር ይጀምር፣ ነጻ ነው።

አሁን ማንም የማይነግራችሁ ነገር፣ ናቪድሮም ዘፈኑን የሚለየው በፎልደር ስም ሳይሆን ፋይሉ ውስጥ በተጻፈው ታግ (የዘፋኙ፣ የአልበሙና የዘፈኑ ስም) ነው። ዘፈን ከሚጭኑ ሱቆች ያስጫናችሁት ከሆነ አርቲስት የሚለው ቦታ ላይ የሱቁ ስምና ስልክ ቁጥር ነው ተጽፎ የምታገኙት፣ አልበሙ ደሞ ባዶ ወይ ትራክ 01 ምናምን። በዛ ላይ ጥላሁን ገሠሠ አንዱ ጋ በሠ አንዱ ጋ በሰ ሌላው ጋ በእንግሊዝኛ ፊደል ስለሚጻፍ ሶስት የተለያየ ዘፋኝ ሆኖ ይመጣል፣ ማህሙድ አህመድም በሀና በሐ እንደዛው። ኤምፒስሪታግ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም አውርዱና የአንድ ዘፋኝ ፋይሎችን በሙሉ መርጣችሁ ስሙን አንዴ ጽፋችሁ ሴቭ አድርጉ፣ ሁሉም ላይ ባንዴ ይቀየራል፣ አማርኛውንም በደንብ ይጽፋል። ይሄን ስራ አትዝለሉት በጣም ነው የምለምናችሁ፣ ብዙ ሰው ሰርቨሩ አይረባም ብሎ የሚተወው ታጉ ስላልተስተካከለ ነው።

ከቤት ውጪ ታክሲ ላይ ወይ ቢሮ ለመስማት ቴይልስኬል የሚባለውን፣ ስልካችሁን ከቤት ላፕቶፕ ጋር በኢንተርኔት የሚያገናኝ ፕሮግራም ላፕቶፑም ስልካችሁም ላይ ጫኑ፣ ራውተሩ ላይ ምንም መነካካት አያስፈልግም፣ ይሄኛው ግን ቤት ያለው ኔት መስራት አለበት። ፍላኩን እንዳለ በዳታ ከሰማችሁት በሰዓት 400 ሜጋባይት አካባቢ ይበላል፣ አፑ ላይ ለሞባይል ዳታ ኦፐስ 96 (ዘፈኑን አሳንሶ የሚልክ ምርጫ) ብላችሁ ካስተካከላችሁት ግን 43 ሜጋባይት አካባቢ ነው፣ በተራ ኢርፎን ደሞ ልዩነቱ አይሰማም። ፓኬጅ ለማትገዙ ማታ ቤት እያላችሁ የምትወዱትን አልበም በዋይፋይ ስልካችሁ ላይ አውርዱት፣ ጠዋት ያለ ዳታ ይከፍታል።