እግሩን ያጣው ወታደር የማን መከራከሪያ ነው?

የፒያሳው፦ ሰላም ጎንደሬዎች። ትናንት ማታ ስለ ቆሰሉ የዩክሬን ወታደሮች አንድ ዘገባ አይቼ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ልጁ ከጉልበቱ በታች እግር የለውም፤ ሰው ሠራሽ አስገጥሞ ተመልሶ ጦሩ ውስጥ ገብቷል። ሰዉ ግን የሚጨቃጨቀው በልጁ አይደለም፣ አሜሪካ መሣሪያ ትስጥ አትስጥ በሚለው ነው። አንዱ «ይህን ጀግና እያያችሁ እንዴት ትከለክላላችሁ» ይላል። ሌላው «እግሩን ያሳጣው እናንተ ያራዘማችሁት ጦርነት ነው» ይላል። እናንተስ? የራሳችንን ሰፈር ጉዳይ ግን ዛሬ አታንሡብኝ፣ ሳንደማመጥ እንበተናለን።

የአዘዞ ልጅ፦ ይስጡ እንጂ! የአሜሪካ የ61 ቢሊዮን ዶላር የዩክሬን እርዳታ ኮንግረስ ውስጥ ለወራት ሲጓተት ከርሞ የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ2024 ሚያዝያ ላይ ነው። እስከዚያ የዩክሬን መድፈኛ ጥይት እየቆጠረ ይተኩስ ነበር፣ የምሥራቅ ዩክሬኗ ከተማ አቭዲቭካም የካቲት ላይ በሩሲያ እጅ ወደቀች። ጥይት ያለቀበት ወታደር ጽናቱን ምን ያድርገው? ይሄ ደግሞ ለኛ ሊነገረን አይገባም። በ1927 ክረምት ጣሊያን ሊወረን ሲሰናዳ እንግሊዝና ፈረንሳይ «ለሁለቱም አንሸጥም» አሉ። ጣሊያን የራሱ ፋብሪካ አለው። እኛ ምን ነበረን?

ባለሱቋ፦ ቢሰጡም ባይሰጡም ለቅሶው የወታደሩ ቤት ነው።

የማራኪው፦ የአዘዞው ወንድሜ፣ ታሪኩን ከመሀል አትቁረጠው። በኅዳር 1934 ጎንደር ነፃ ስትወጣ የእንግሊዝ ጦር ከአርበኞቻችን ጎን ነበር፣ አልክድም፣ ቁልቋል በር ላይ የወደቁትን ሁሉ ነፍስ ይማር። ከዚያስ? እንግሊዝ በሶማሌ ድንበር ያለውን የግጦሽ ምድራችንን ሐውድን እስከ 1947 ይዛ ቁጭ አለች። አሜሪካም አስመራ ላይ የመገናኛና የስለላ ሰፈሯን ቃኘው ጣቢያን ስለምትፈልግ ነበር መሣሪያ የምታበላን። በ1969 ፕሬዚዳንቷ ካርተር እርዳታውን ቀነሰ፣ ደርግ ጣቢያውን ዘጋ፣ የሶማሊያው ዚያድ ባሬ ኦጋዴን ገባ። ሶቭየት ደግሞ ለኛ ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር የሚገመት መሣሪያ አራገፈች። አሸነፍን፣ እሰየው። ዕዳው ግን ደርግን ቀብሮ ነው የኖረው።

የፒያሳው፦ ስለዚህ አይሰጥ ነው የምትለው?

የማራኪው፦ አላልኩም። ሰጪው በምላሹ የሚፈልገው ይታወቅ ነው ያልኩት። እ.ኤ.አ. በ2025 ትራምፕና ዘለንስኪ ዋይት ሐውስ ውስጥ ሲጯጯሁ አይተን የለ? በቀናት ውስጥ እርዳታው ቆመ፣ በሳምንቱ ተለቀቀ፣ ሁለት ወር ሳይቆይ የማዕድን ስምምነቱ ተፈረመ። ወታደሩ መሀል ላይ ነው ያለው።

የወታደር ልጅ፦ ዝም ልል ነበር፣ አልቻልኩም። አባቴ እግሩን ኦጋዴን ጥሎ የመጣ ሰው ነበር፣ በ1970። «የራሺያ ታንክ ባይደርስልን አልቆልን ነበር» ይል ስለነበር እርዳታውን አልሰድብም። ግን ሁላችሁም ከጦር ሜዳ አትወጡም። አባቴ ማታ ማታ ሰው ሠራሽ እግሩን አውልቆ ከነጫማው ከበሩ ጀርባ ያቆመዋል። ከተቆረጠው እግሩ የቀረው ጉማጅ ሲከሳ ሰው ሠራሹ ስለሚሰፋው እናቴ ካልሲ ትደራርብለታለች። ክረምት ሲገባ የሌለው እግሩ ያሳክከዋል! ልጅ ሆኜ «ነይ እስቲ እከኪልኝ» ይለኛል፣ እኔም ባዶውን አንሶላ አክለታለሁ፣ «ኧረ ተባረኪ፣ ተሻለኝ» ይላል። እየቀለደ ይመስለኝ ነበር። ደብረ ዘይት፣ የጦር ጉዳተኞች ማዕከል ጀግኖች አምባ ሳለ ጀግና ነበር፣ 1983 መጥቶ ደርግ ሲወድቅ የደርግ ወታደር ተባለ። ሰው ሠራሹ እግር ሲሰነጠቅ ማስጠገኛ ወረቀት ለማጻፍ አንድ ቢሮ ስድስት ጊዜ ተመላለሰ። በስድስተኛው «የተዋጋህለት መንግሥት እኮ የለም» አሉት። ጽናት ጽናት ትላላችሁ። ጽኑ ነበር፣ ሌላ ምን ምርጫ ነበረው?

የአዘዞ ልጅ፦ ነፍሳቸውን ይማር እህቴ። ግን እንዳልሽው ታንኩ ባይመጣ አንቺም አትወለጂም ነበር።

የወታደር ልጅ፦ እሱን አልካድኩም እኮ። ሂሳቡን ጨርሱት ነው የምለው። ሰው ሠራሽ እግር እንደ ጫማ ያልቃል፣ በየጥቂት ዓመቱ ይለወጣል። ያ ልጅ 25 ዓመቱ ቢሆን እስኪሸመግል ስንት እግር ይጨርሳል?

የአዘዞ ልጅ፦ አሥር፣ አሥራ ሁለት። እሺ ይዘሽኛል። አሁንም ግን ይሰጥ ባይ ነኝ፣ ጥይቱም እግሩም።

የወታደር ልጅ፦ ይሁንልህ። የአሥራ ሁለተኛውን እግር ሂሳብ የፈረመ ሰጪ ካገኘህ ላክልኝ።