ቪትዜ ሁለት ሦስት ቀን ከቆመች አትነሳም፤ ባትሪው ነው ዲናሞው?

የኮቺዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ፣ ኮቺ አካባቢ ነው የምኖረው። አውቶማቲክ ቪትዝ አለችኝ። ከቤት መርካቶ፣ ከመርካቶ የልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ወደ ቤት፤ ከዚህ የራቀ መንገድ ብዙም አልሄድባትም። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ሁለት ሦስት ቀን ከቆመች ጠዋት አትነሳም። ቁልፉን ሳዞረው የዳሽቦርዱ መብራቶች በርተው ይደበዝዛሉ፣ ከዚያ ጠቅ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ብቻ ነው የምሰማው። ጎረቤት በገመድ ካስነሳልኝ ግን ያን ቀን ሙሉ ያለ ችግር ትውላለች። ባትሪው ከተገዛ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው።

አንዱ ጋራዥ "ባትሪው ሞቷል፣ ቀይሪው" አለኝ፤ ሌላው "ዲናሞው ባትሪውን አይሞላም" አለኝ። ሁለቱም ቀላል ወጪ አይደለም። ብሬን ከማውጣቴ በፊት የትኛው እንደሆነ በምን ልወቅ? ደግሞ ግቢያችን ውስጥ የሚያድር የጭነት አይሱዙ አለ፤ ሹፌሩ "በሚቀጥለው ከእኔ ላስነሳልሽ" ብሎኛል። ችግር አለው?

ጋሽ ሹፌር፦
ልጄ፣ የሚያስቸኩለው የመጨረሻው ጥያቄሽ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። ከአይሱዙው እንዳታስነሺ! ቡና የሚጭኑት አይሱዙዎች አብዛኞቹ ሁለት ባትሪ በተከታታይ ታስሮላቸው በ24 ቮልት ነው የሚሠሩት። ያንቺ 12 ነው። 24 ከተለቀቀባት የሞተሩ ኮምፒውተር፣ ቴፑ፣ አምፖሎቹ ሊቃጠሉ ይችላሉ፤ ባትሪውም ሊፈነዳ ይችላል። ልጁ በቅንነት ነው ያለሽ፤ አመስግነሽ እለፊው።

ከቤት መኪና ስታስነሺ ቅደም ተከተሉን ጠብቂ። ሁለቱም መኪኖች ይጥፉ፣ አይነካኩ። ቀዩን ገመድ መጀመሪያ በሞተው ባትሪ ፕላስ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ በደህናው ፕላስ ላይ። ጥቁሩን በደህናው ባትሪ ማይነስ ላይ። የጥቁሩ የመጨረሻ ጫፍ ግን ወደ ሞተው ባትሪ አይሄድም፤ ከባትሪው ራቅ ያለ፣ ቀለም ያልተቀባ የሞተር ብረት ላይ ይያዛል። የመጨረሻው ጫፍ ሲነካ ብልጭታ አለው፤ ባትሪ ደግሞ ሃይድሮጅን የሚባል የሚቀጣጠል ጋዝ ይተነፍሳል። ብልጭታው ከዚያ ጋዝ እንዲርቅ ነው። ከዚያ ደህናው መኪና ተነስቶ አምስት ደቂቃ ያህል ይሥራ፣ ያንቺን ሞክሪ። ስትፈቺ በመጣሽበት ተመለሽ፣ ጥቁሩ ከሞተሩ ብረት ላይ መጀመሪያ ይነሳል።

አውቶማቲክ ስለሆነች ገፍቶ ማስነሳት የሚባል ነገር አይሞከርም። ሰፈሩ ልጅ ሁሉ "እንግፋልሽ" ማለቱ አይቀርም፤ እምቢ በይ።

የመንደራ ልጅ፦
እህቴ ሁለት ዓመት ከሞላው ባትሪው አብቅቶለታል፣ አትድከሚ። ዲናሞውን ማጣራት ከፈለግሽ ቀላል ነው፤ መኪናው ተነስቶ እያለ የባትሪውን አንድ ራስ ፍቺ። ሞተሩ ካልጠፋ ዲናሞው ይሠራል፣ ከጠፋ ዲናሞው ነው።

ኤሌክትሪሽያኑ፦
ወንድሜ ይህን ምክር ብዙ ሰው እንደሚሰጠው አውቃለሁ፤ ግን እባካችሁ ለማንም አትምከሩ። ለድሮዎቹ መኪኖች ምናልባት ያልፍ ነበር። ባትሪው ዲናሞው የሚያመነጨውን ኃይል የሚያረጋጋው እሱ ነው። ሞተር እየሠራ ባትሪ ሲፈታ ቮልቱ በቅጽበት ይተኮሳል፤ የዲናሞውን ዳዮድና ሬጉሌተር፣ ባስ ሲልም የመኪናውን ኮምፒውተር ይዞ ይሄዳል። ለባትሪ ብሎ የመጣ ሰው ኮምፒውተር ገዝቶ ይመለሳል።

እህቴ፣ አንቺ ገና ምንም አትግዢ። የነገርሽን ምልክት ሦስት ነገር ሊያመጣው ይችላል፦ ባትሪው ኃይል መያዝ አቅቶት፣ ዲናሞው ሳይሞላው፣ ወይም መኪናው ቆሞ ሳለ አንድ ነገር ኃይል እየጠጣ። "ካስነሱልኝ ቀኑን ሙሉ ትውላለች" ማለትሽ ወደ ሦስተኛው እንዳስብ አድርጎኛል፤ ግን በግምት አይሆንም። ቮልትና አምፒር የሚለካ አንድ ዲጂታል ቴስተር ይበቃሻል። ውድ አይደለም፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ሁሉ አላቸው።

መጀመሪያ፣ መኪናዋ አድራ ጠዋት ምንም ሳትነኪ ቴስተሩን በዲሲ ቮልት አድርገሽ ሁለቱን የባትሪ ራሶች ለኪ። 12.6 አካባቢ ካሳየ ሙሉ ነው። 12.4 ሲሆን ሩብ ያህሉ ጎድሏል፣ 12.2 ግማሽ ነው፣ 12 ከደረሰ ባዶ ሊሆን ተቃርቧል። ማታ ካቆምሽ በኋላ ወዲያው ብትለኪ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ያታልልሻል፤ ጥቂት ሰዓት ማረፍ አለበት።

ሁለተኛ፣ ሞተሩ ተነስቶ እያለ እዚያው ለኪ። ከ13.8 እስከ 14.5 መሆን አለበት። የፊት መብራት፣ የኋላ መስታወት ማሞቂያና ማራገቢያውን አብሪና እንደገና እይ። ከ13.5 በታች ካልወረደ ዲናሞውን ተይው፣ ሥራውን እየሠራ ነው። ከወረደ ደግሞ ዲናሞውን ከማስፈታትሽ በፊት የሚያዞረው ቺንጊያ እንዳልላላ አሳዪ።

ሦስተኛው ትንሽ ትዕግሥት ይፈልጋል። መኪናዋን አጥፊ፣ ቁልፉን አውጪ፣ በሮቹን ዝጊ። ቁልፉ በእጅሽ ይሁን፣ በሩ ራሱን እንዳይቆልፍብሽ። ጥቁሩን ገመድ ከማይነሱ ራስ ፍቺ። የቴስተሩን ቀይ ሽቦ 10 አምፒር የሚለው ቀዳዳ ውስጥ ክተቺና ቴስተሩን በፈታሽው ገመድና በባትሪው ራስ መካከል አስገቢው። መጀመሪያ ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቂ፣ የመኪናው ኮምፒውተሮች እስኪተኙ። ከዚያ 0.05 አምፒር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ጤናማ ነው። ከበለጠ ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀልሽ ተመልከቺ፤ ቁጥሩ የወረደበት ፊውዝ ሌባውን ይነግርሻል። ቴስተሩ በዚያ ሁኔታ እያለ ግን ቁልፍ አዙረሽ ለማስነሳት እንዳትሞክሪ፣ ቴስተሩ ይቃጠላል።

ሁሉም ነገር ከመጀመሩ በፊት የባትሪውን ሁለት ራሶች በእጅሽ አወዛውዢ። ቪትዝ ላይ የሚገባው የጃፓን ትንሽ ባትሪ ራሱ ቀጭን ነው። አንዳንድ ጊዜ ወፍራም ራስ ያለው ይገባና ማሰሪያው ተለጥጦ ይቀራል፤ በኋላ ቀጭኑ ሲመለስ ማሰሪያው ይላላል። እጅሽ ላይ ከዞረ ግማሽ ችግርሽ እዚያ ሊሆን ይችላል። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካለበት ሙቅ ውሃ ውስጥ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጠሽ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እሺው፣ አድርቂው፣ አጥብቀሽ እሰሪና ላዩን ቫዝሊን ቀቢው።

የኮቺዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ወንድሜ ደግሞ ቴስተር ይዞ መጣና አብረን ለካን። ጠዋት 12.1። ሲነሳ 14.2፤ መብራቱም ማሞቂያውም በርቶ 13.9። ራሶቹ ጠንካራ ናቸው። ሦስተኛው ግን ግማሽ ሰዓት ጠብቀን 0.32 አምፒር አሳየን። ፊውዝ ስንነቅል ስንነቅል የቴፑ ጋ ስንደርስ 0.02 ሆነ! ቴፑን ባለ ትልቅ ስክሪን ያስቀየርኩት ክረምቱ ሊገባ ሲል ነበር። ስክሪኑ ግን ቁልፍ ሳወጣ ይጠፋል፤ እንዴት ነው ይህን ያህል የሚጠጣው?

ኤሌክትሪሽያኑ፦
በጣም ጥሩ ሠርታችኋል። ሒሳቡን እዪው፦ 0.32 አምፒር በ24 ሰዓት ሲባዛ 7.7 አምፒር-ሰዓት ገደማ ነው። የቪትዝ ባትሪ 35 አካባቢ ቢይዝ ነው። በሁለት ቀን ግማሹን ያህል ይጠጣዋል፤ በሦስተኛው ቀን ሞተሪኖውን፣ ማለትም ሞተሩን የሚያስነሳውን፣ የሚያዞር ኃይል የለም። ጋራዦቹ ያዩት ውጤቱን ነው።

ቴፕ ሁለት የኃይል ሽቦ አለው። ቢጫው ሁልጊዜ ኃይል የሚያገኝ፣ ሰዓትና የሬዲዮ ጣቢያ እንዳይረሳ የሚጠብቅ ነው። ቀዩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኃይል የሚያገኝ ነው። ገጣሚው ሁለቱንም ቋሚው ላይ ካሰራቸው ስክሪኑ ጠፍቶ ውስጡ ግን አይተኛም። ወስደሽ "ቀዩን ከቁልፉ ሽቦ ጋር አድርጉልኝ" በያቸው። ሲጨርሱ እዚያው አስለኪ፣ 0.05 ወይም ከዚያ በታች ሳይሆን አትክፈዪ። እስከዚያ ፊውዙን ነቅለሽ ተይው።

ባትሪው ደጋግሞ ባዶ ስለሆነ ትንሽ ተጎድቷል፤ ውስጡ ባሉት የሊድ (እርሳስ) ሳህኖች ላይ ሰልፌት የሚባል ቅርፊት ይጋገራል። ግን ፍርዱን ከቻርጅ በኋላ ስጪው።

አጋሮ መንገድ፦
እዚህ ላይ እኔም ልጨምር። "አንዴ ካስነሳሽ አስራ አምስት ደቂቃ ንጂ፣ ይሞላል" የሚለውን አትመኚው። ባዶ የሆነ ባትሪ መጀመሪያ ቶሎ ይቀበላል፣ እየሞላ ሲሄድ ግን የሚቀበለው እየቀነሰ ስለሚሄድ የመጨረሻው ክፍል ሰዓታት ይፈጃል። ከኮቺ መርካቶ ደርሶ መልስ፣ ያውም በዝናብ፣ መጥረጊያ፣ መብራትና ማራገቢያ በርቶ፣ የጎደለውን አይመልስም። ቆሞ በስራ ፈት ማስጮህም ነዳጅ ማባከን ነው። ወደ አጋሮ ደርሰሽ ብትመለሺ ይሻላል፤ ከሁሉም የሚሻለው ግን የግድግዳ ቻርጀር ነው።

ቻርጅ ቤት ስትወስጂ "ቀስ ብሎ ይሞላ" በይ። ልኩ የባትሪው አቅም አንድ አስረኛ ነው፤ ለ35ቱ 3.5 አምፒር፣ አንድ ሌሊት ሙሉ። በሁለት ሰዓት እንሞላልሻለን ካሉ በከፍተኛ አምፒር ሊያፈሉት ነው። ክዳን ያለው ባትሪ ከሆነ ውሃው የውስጡን ሳህኖች መሸፈኑን እዪ። የጎደለው የሚሞላው በተጣራ ውሃ ብቻ ነው፤ የቧንቧ ውሃም አይሆንም፣ አሲድ መጨመርም አይሆንም። ከባትሪ ውስጥ የሚተነው ውሃው እንጂ አሲዱ አይደለም። አሲድ ሲጨመርበት ለጥቂት ቀን የነቃ ይመስላል፣ ከዚያ ሳህኑን ይበላዋል።

ጂረን ዳገቱ፦
ይቅርታ በእህታችን ጥያቄ ልግባ። እኔ ለትምህርት ሁለት ሦስት ወር ከጅማ እርቃለሁ፤ መኪናዬ ጂረን ቤት ውስጥ ትቆማለች። ወንድሜ በየሳምንቱ አስነስቶ አምስት ደቂቃ ያሙቃት ብዬ ነበር። ይበቃል?

ኤሌክትሪሽያኑ፦
አይበቃም፣ እንዲያውም ይጎዳል። በየሳምንቱ ሞተሪኖው ከባትሪው ኃይል ይወስዳል፣ አምስት ደቂቃው በቅጡ አይመልስም፣ ሞተሩም በደንብ ሳይግል ይጠፋል። ከመሄድህ በፊት ባትሪውን ቻርጅ አስደርገህ ሙላውና የማይነሱን ገመድ ፍታ። ሁልጊዜ ስትፈታ ማይነስ መጀመሪያ፣ ስትመልስ ማይነስ መጨረሻ፤ የምትፈታበት መፍቻ የመኪናውን ብረት ቢነካብህ እንዳይቀጣጠል። ሙሉ ሆኖ የተፈታ ባትሪ ሁለት ሦስት ወር ይታገሳል። ባዶ ሆኖ ከቆመ ነው የሚበላሸው። ሰዓትና የሬዲዮ ጣቢያ ይጠፋብሃል፤ ቴፑ ኮድ የሚጠይቅ ከሆነ ኮዱን ቀድመህ ያዝ።

ጋሽ ሹፌር፦
ወንድምህ አስነስቶ እስከ ሰቃ ነድቶ መመለስ ከቻለ ግን እሱም መልካም ነው፤ ጎማውም አንድ ቦታ አይቆምም።

የኮቺዋ፦
ቴፑ ተስተካከለ፣ አሁን 0.03 ነው። ባትሪው አንድ ሌሊት ቀስ ብሎ ሞላ፤ ነቅለነው ካደረ በኋላ 12.5 አሳየ። ይህ ማለት ልቀይረው ነው ወይስ ልተወው?

ኤሌክትሪሽያኑ፦
ተይው፣ ይሠራል። አንድ ነገር ብቻ ፈትሺ፦ ሰው ሞተር ሲያስነሳ አንቺ ቴስተሩን ባትሪው ላይ ያዢ። በማስነሻዋ ቅጽበት ከ9.6 በታች ካልወረደ ገና ብዙ ይሄዳል። ከወረደ መቀየሪያው ደርሷል ማለት ነው፤ ያኔ ስትገዢ የአሮጌውን ጽሑፍ በፎቶ ያዢ። የጃፓኖቹ ላይ ለምሳሌ 46B24L ብሎ ሲጽፍ 24 ርዝመቱ በሴንቲሜትር ነው፣ የመጨረሻው ፊደል ፕላሱ በየት በኩል እንደሆነ ይነግርሻል። የራሱን ውፍረትና የፕላሱን ጎን ሱቁ ውስጥ አስተያይተሽ ውሰጂ።