የዕቅድ ውይይት፦ የአክሮባት አውሮፕላን ክንፍ በአየር ላይ ለምን ይሰበራል?

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ክንፍ መሰበር የምናቀርበው ገለጻ የጋራ ሐሳባችን አርብ ይገባል። አዳራሹ አራት ኪሎ፣ ተጋባዦቹ የምህንድስና ተማሪዎች። ርዕሱ ግን ገና አልተቆረጠም። «የፓይለት ጥፋት» ይባል ያላችሁ እስቲ አስረዱን።

ወጣቱ አባል፦ እኔ ነኝ። በአክሮባት ምድብ፣ ማለትም በአየር ላይ ለመገለባበጥ የሚመዘገብ ትንሽ አውሮፕላን እኮ 6 ጂ እንዲችል ነው የሚሠራው፤ የራሱን ክብደት 6 እጥፍ ማለት ነው። በዚያ ላይ የ1.5 እጥፍ መጠባበቂያ አለው። ፓይለቱ ካላበዛው ምን ይሰብረዋል?

ጡረተኛው ቴክኒሻን፦ ልጄ፣ ያልከው ልክ ነው፤ ብረቱ ጤነኛ እስከሆነ ድረስ። ሽቦ አጠፍ ዘርጋ ስታደርገው በመጨረሻ ይበጠስ የለ? ጉልበት አልጨመርክም እኮ። ፋቲግ የምንለው ይኸው ነው። ኒል ዊሊያምስን አታውቁትም? የብሪታንያ የአክሮባት ፓይለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 በዝሊን አውሮፕላን ሲለማመድ የክንፉ የታችኛው ማያያዣ በፋቲግ ተሰበረ። ክንፉ ወደ ላይ መታጠፍ ጀመረ። ሰውዬው አውሮፕላኑን በጀርባው ገለበጠው! ጭነቱ ሲገለበጥ ክንፉ ወደ ቦታው ተመለሰ። እንደተገለበጠ እስከ ሜዳው በረረ፤ መሬት ሊነካ ሲል አቃንቶ አሳረፈውና ተረፈ። ይህን ሳወራ ዛሬም እጄን ያልበኛል።

ወጣቱ አባል፦ እሺ ጋሼ፣ ተሸንፌያለሁ።

ጸሐፊ፦ እ.ኤ.አ. በ2013 አውስትራሊያ ውስጥ የተከሰከሰው ታይገር ሞዝ የተባለው ድርብ ክንፍ ያለው የድሮ አውሮፕላንም ይግባ። የታችኞቹን ክንፎች ከገላው ጋር የሚያይዙት ዘንጎች ናቸው የተበጠሱት። የፋቲግ ስንጥቅ ነበረባቸው። ሁለት ሰዎች ሞቱ።

ገንዘብ ያዥ፦ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ አዲስ አበባ ላይ ማን ነው በአውሮፕላን የሚገለባበጠው? ተማሪው ምን አገባኝ ቢልስ?

ጡረተኛው ቴክኒሻን፦ ባሌስትራ እናሳየዋለና! ሚኒባስ የትናንቱን ያህል ጭኖ ዛሬ ቀጭ የሚልበት ለምንድነው? ከሶማሌ ተራ አንድ ያረጀ ባሌስትራ ይገዛ። አጽድቼ ቀዩን ፔኔትራንት፣ ስንጥቅ ውስጥ የሚሰርገውን ቀለም፣ እቀባዋለሁ። ትንሽ ቆይቼ እጠርገውና ቀለሙን ከስንጥቁ መልሶ የሚስበውን ነጭ ዱቄት እነፋበታለሁ። ስንጥቅ ካለው እንደ ቀይ ክር ብቅ ይላል። ልጆቹ ያንን በዓይናቸው ይዩ፤ ስላይዱ ይቀንስ።

ጸሐፊ፦ እስማማለሁ። ርዕሱ «የደከመ ብረት» ይሁን። ፓይለት መውቀሱን ከረቂቁ አወጣሁት። ባሌስትራውን ማን ያመጣል?

ወጣቱ አባል፦ እኔ፣ በታክሲ።

ገንዘብ ያዥ፦ ረዳቱ የሁለት ሰው ሒሳብ ነው የሚቀበልህ። በጀቱ ላይ ጽፌዋለሁ።