የፖለቲካ ቃላት ወደ ቤት ሲገቡ

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው እሑድ ልጄ አያቷን የኳስ መግዣ ስትጠይቃቸው አባቴ «ይህች ኪራይ ሰብሳቢ ደግሞ መጣች» ብለው ሁላችንንም አሳቁን። አባቴ ዕድሜያቸውን በመንግሥት ሥራ ያሳለፉ ሰው ስለሆኑ የቤተሰብ ጉዳይ የምንነጋገርበትን ቀን «ግምገማ» ይሉታል፤ አጥፍቶ የሚከራከራቸውንም ልጅ «ሂስህን ዋጥ» ይሉታል። ማታ ግን ልጄ ኪራይ ሰብሳቢ ማለት ምን እንደሆነና ምን አጥፍታ እንደዚያ እንደተባለች ስትጠይቀኝ የምመልሰው አጣሁ። እንዲህ ያሉ ቃላት በጨዋታ መካከል ሲነገሩ ክፋታቸው ይለቃቸዋል ትላላችሁ?

የምጣኔ ሀብት መምህር፦
ቃሉ በኢሕአዴግ ዘመን በየስብሰባውና በየዜናው ከመዘውተሩ በፊት የምጣኔ ሀብት ቃል ነበር። ትርጉሙም አዲስ ሀብት ሳይፈጥር በሥልጣን፣ በፈቃድ ወይም በሞኖፖል ተጠግቶ ሌሎች የፈጠሩትን የሚወስድ ሰው ማለት ነው። የአማርኛው አቻ ግን ቤቱን አከራይቶ በሐቅ የሚኖረውን ሰው ስም ይዞ ስለመጣ ብዙዎችን ግራ አጋብቷል። እናቴ አንዲት ክፍል አከራይታ ያሳደገችን ሴት ናት፤ ቃሉን በሬዲዮ የሰማች ቀን «እኔን ነው እንዴ?» ብላ መቀየሟን አልረሳውም። ለልጅዎ፣ አያትን መጠየቅ መብቷ ስለሆነ ቃሉ እርሷን እንደማይመለከት ይንገሯት።

የቀድሞ የቋንቋ ተማሪ፦
እኔ ደግሞ መንገዱ በሁለቱም አቅጣጫ እንደሆነ ልጨምር። «ጓድ» ባልንጀራ ማለት ነበር፤ «ጓደኛ» የሚለውም ከእርሱ የተገኘ ነው። በደርግ ዘመን ማዕረግ ሆኖ ከሹማምንት ስም ፊት ስለቆመ፣ ከ1983 በኋላ በተራ ሰው አንደበት ከቀልድ በቀር ብዙም አይሰማም፤ «ጓደኛ» ግን ምንም ሳይነካው አለፈ። በአንጻሩ ፖለቲካው ከቤት የወሰደው ቃል «እናት» ነው። «አብዮታዊት እናት ሀገር ወይም ሞት» ሲባል፣ መንግሥት በእናት ስም እየተናገረ እንቢ የሚል ልጅ ከየት ይመጣል? ከቤት ወደ አደባባይ የሚወጣው ቃል ከሚገባው ይልቅ የሚያሳስበኝ ለዚህ ነው።

የልጅ ልጅ፦
ሁሉም ቃል በቀልድ የሚገራ አይመስለኝም። በቀይ ሽብር ዘመን፣ በ1969 እና በ1970፣ «እርምጃ ተወሰደበት» ማለት ተገደለ ማለት ነበር። አያቴ በዚያን ጊዜ ወንድማቸውን አጥተዋል። እኔ ተማሪ ሳለሁ ከትምህርት ቤት የመጣ ማስታወቂያ ሳነብላቸው፣ ደንብ ልብስ በማይለብስ ተማሪ ላይ እርምጃ ይወሰዳል የሚለው ዐረፍተ ነገር ላይ ስደርስ ወረቀቱን ከእጄ ነጥቀው፣ በማግስቱ ሳይነጋ ደንብ ልብሴን ራሳቸው ተኩሰው አቆዩኝ። የጻፈው ሰው ምናልባት ወላጅ ማስጠራት ብቻ ይሆናል ያሰበው። ስለዚህ አባትዎ የሚቀልዱባቸው ቃላት ምን እንዳደረሱባቸው እርሳቸውን ራሳቸውን ቢጠይቋቸው ይሻላል፤ ያልቀመሰ ሰው ሲቀልድና የቀመሰ ሰው ሲቀልድ አንድ አይደለም።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በምክራችሁ መሠረት አባቴን ጠየቅኋቸው። በመሥሪያ ቤት ግምገማ ሁሉ ሂስ ሲውጡ እንጂ ሰብሳቢ ሆነው እንደማያውቁ፣ አንድ ጊዜም በዚያ ምክንያት እድገት እንደቀረባቸው ነገሩኝ፤ ይህንን እስከዛሬ አልሰማሁም ነበር። «ታዲያ በቤቴ እንኳ አልሰብስብ?» አሉ። ልጄን ኪራይ ሰብሳቢ ማለቱን ትተዋል፤ ግምገማው ግን እሑድም ይቀጥላል። ኳሱም ተገዝቷል።