በሄግራ መቃብሮች ደጃፍ ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ መታሰቢያ ነው ወይስ ውል?

ጠያቂ፣ ከድሬዳዋ ከዚራ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሳዑዲ ዓረቢያ የምትሠራው እኅቴ በአል ዑላ አጠገብ ያለውን የሄግራን ፎቶግራፎች ልካልኝ ሳምንቱን ሙሉ ስመለከታቸው ሰነበትሁ። ናባጣውያን የተባሉት የጥንት ዓረቦች ከአሸዋ ድንጋይ ገደል ከጠረቧቸው ከ100 በላይ መቃብሮች ውስጥ 94ቱ ያጌጠ ፊት አላቸው። ያን የሚያህል ፊት እንዴት ተጠረበ? ከበሩ በላይ ያለው ጽሑፍስ ስለ ሟቹ የሚናገር ነው?

ምላሽ፣ ከድሬዳዋ መጋላ፦ ግንበኛ ነኝና የመጀመሪያውን ልመልስ። ከፎቶግራፎቹ መካከል ብቻውን የቆመውን ቀስር አል ፈሪድን ይፈልጉ። ላይኛው ክፍል ልስልስ ብሎ አልቋል፤ ወደ ታች ሲወርዱ ግን የመሮው ጠባሳ እየሻከረ ይሄዳል፤ ሥራው ሳያልቅ ቆሟልና። ጠራቢው ገና ባልተነካው ድንጋይ ላይ ቆሞ ከላይ ወደ ታች ይወርድ እንደነበር ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም። በግንብ ሥራ የተበላሸ ድንጋይ ተነሥቶ ሌላ ይተካል፤ እዚያ ግን አንዲት ያለቦታዋ ያረፈች ምት አትመለስም፤ እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው።

ምላሽ፣ ከሐረር፦ ሁለተኛው ጥያቄ ዋናው ይመስለኛል። ስለ ሟቹ ሕይወት የሚናገር ነገር እምብዛም የለበትም፤ የርስት ውል ነው። በንጉሥ ሐሪታት 4ኛ በ9ኛው ዓመት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 1 ዓመት አካባቢ፣ ካምካም የተባለች ሴት ከልጇ ከኩለይባት ጋር ለራሳቸውና ለዘራቸው መቃብር አሠርታ፣ የሚሸጠውን፣ የሚገዛውን፣ በመያዣ የሚሰጠውን፣ የሚያከራየውን ሁሉ ዱሻራና ሌሎች አማልክት እንዲረግሙት አጽፋለች። እርግማኑ ብቻ አልበቃትም፤ ለካህኑ የሚከፈል 1000 ሰላዕ (የዘመኑ የብር ሳንቲም) መቀጫ ጨምራበታለች። ከእርሷ ወይም ከልጇ የተጻፈ ሰነድ በእጁ የያዘ ሰው ግን እንዲቀበር ተፈቅዶለታል። በብራና መጻሕፍታችን ላይ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ይኩን» የሚለውን ያነበበ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። ፊደሉም ቢሆን ሩቅ አይደለም፤ በጁገል ቤቶች ተጠብቀው የኖሩት የእጅ ጽሑፎች የተጻፉበት የዓረብኛ ፊደል ከናባጣውያኑ ፊደል የወጣ ነው።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለቤቶቹ ሴቶች መሆናቸውን ፈጽሞ አልጠበቅሁም ነበር። እንዲህ ከሆነ ታዲያ ዋና ከተማቸው ፔትራ ብዙ መቃብር ይዛ ለምን ጽሑፍ አጣች?

ምላሽ፣ ከሐረር፦ በፔትራ በመቃብር ፊት ላይ ተቀርጾ የተገኘው ረጅም የናባጣውያን ጽሑፍ አንድ ብቻ ነው፤ ቱርክማኒያ በሚባለው መቃብር ላይ ይገኛል። ክፍሎቹን፣ ግቢውን፣ የአትክልት ቦታዎቹን፣ የውኃ ማጠራቀሚያዎቹን ሳይቀር እየቆጠረ የዱሻራ ቅዱስ ንብረት መሆናቸውን ያውጃል፤ የባለቤቱን ስም ግን አይጠራም። ዝርዝሩ በተቀደሱበት ሰነድ ውስጥ እንዳለ ራሱ ጽሑፉ ይናገራልና፣ እኔ እንደምረዳው፣ የፔትራ ሰዎች ውላቸውን በድንጋይ ላይ ሳይሆን በሌላ ስፍራ ያስቀምጡ ነበር።