የፍቅር ድራማ ክፍል 10 ላይ አቆማለሁ፣ የወንጀሉን ግን እስከ መጨረሻ አያለሁ። እናንተስ?

ባለሪሞቷ
ሰላም ለሁላችሁም። የኮሪያ ድራማ ማየት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፣ ያልሞከርኩት ዓይነት የለም ማለት ይቻላል። ታሪካዊውን፣ የፍቅሩን፣ የበቀሉን፣ የሐኪሞቹን፣ ሁሉንም። አሁን ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። የፍቅር ድራማ ስጀምር እንቅልፍ የለኝም፤ እስከ ክፍል 8 ድረስ በአንድ ትንፋሽ ነው የማየው። ሁለቱ መዋደዳቸውን ከተናገሩ በኋላ ግን ታሪኩ መሄጃ ያጣል። የልጁ እናት ገንዘብ በፖስታ ይዛ ትመጣና ልጄን ተዪው ትላለች፣ ወይም አንዱ ለሌላው ደህንነት ብሎ ሳይናገር ይጠፋል፣ ወይም ደግሞ ልጆች ሳሉ ተገናኝተው ነበር እንባላለን። እዚህ ጋ ስደርስ አቆማለሁ።

«ክራሽ ላንዲንግ ኦን ዩ»ን ጨርሻለሁ፣ ግን እውነቱን ልናገር፣ እስከ መጨረሻ የያዘኝ ፍቅሩ ሳይሆን የሰሜን ኮሪያዋ መንደር ሴቶችና እነዚያ ወታደሮች ናቸው። የወንጀል ድራማውን «ሲግናል»ን ግን አንዲት ደቂቃ ሳልዘል ነው ያየሁት። ችግሩ ከእኔ ነው ወይስ ከድራማዎቹ? ምን ልይ?

የድሮ ተመልካች
እህቴ፣ ችግሩ ካንቺ አይደለም። የአሠራሩን ነገር ማወቅ ይረዳል። የኮሪያ ቴሌቪዥን ድራማ አብዛኛውን ጊዜ 16 ክፍል ነው፣ በሳምንት ሁለት ቀን ይተላለፋል፣ አንዱ ክፍል ደግሞ አንድ ሰዓት አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል። ለረጅም ዓመታት የተለመደው የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ክፍሎች ቀርጾ ማስተላለፍ መጀመርና ቀሪውን እየተላለፈ እያለ መጻፍና መቅረጽ ነበር። ደራሲው ሌሊት ይጽፍ፣ ተዋናዩ ገጹን በዚያው ቀን ይቀበል ነበር። ተመልካቹ ከወደደው ክፍል ይጨመር ነበር። የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች አምረው የኋለኞቹ የሚዝረከረኩት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ግን ሁሉንም አያስረዳም። በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2016 የተላለፈው «ዲሴንዳንትስ ኦፍ ዘ ሰን» ከመተላለፉ በፊት ሙሉ በሙሉ ተቀርጾ ያለቀ ነበር፣ እኔ ግን ማለቂያው ላይ ሰልችቶኛል። ዋናው ነገር ጥያቄው የሚመለስበት ቦታ ይመስለኛል። በፍቅር ድራማ ጥያቄው «ይዋደዳሉ ወይ?» ነው፣ መልሱም መሀል ላይ ይመጣል። በወንጀል ድራማ ግን ገዳዩ ማን እንደሆነ እስከ መጨረሻ ይደበቃል።

እስከ ንጋት
እኔ ከሁለታችሁም ትንሽ እለያለሁ። ዓይነቱን ተዉትና ደራሲውን ተከተሉ። እዚያ አገር አንድን ድራማ ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚጽፈው አንድ ሰው ነው፣ ስለዚህ የደራሲው እጅ በደንብ ይታያል። «ሲግናል»ን የጻፈችው ኪም ኡን ሂ ናት። ያቺው ሴት ናት በ2019 የድሮዋ ኮሪያ የጆሴን ዘመን ነገሥታትንና ከሞት የሚነሡ ሰዎችን ያገናኘውን «ኪንግደም» የጻፈችው። አንዱ ፖሊስ ነው፣ አንዱ ቤተ መንግሥት፣ ግን በሁለቱም ውስጥ ያለው ንዴት አንድ ነው፦ ሥልጣን ያለው ሰው ጥፋቱን ይደብቃል፣ የሚሞተው ደሃው ነው። ከዚያ ላይ «ኪንግደም» በሲዝን 6 ክፍል ብቻ ስለሆነ የሚዝረከረክበት ቦታ የለውም።

ኪም ኡን ሱክንም ተመልከቱ። «ጎብሊን»ን ጽፋ ሁላችንንም አስለቀሰች፣ በ2018 «ሚስተር ሰንሻይን»ን አመጣች፣ ከዚያ በ2022 ደግሞ «ዘ ግሎሪ»ን። በትምህርት ቤት በፀጉር መተኮሻ ሰውነቷን ያቃጠሏት ልጅ አድጋ የበዳይዋ ልጅ አስተማሪ ሆና ስትመጣ! ያ ድራማ ላይ ፍቅር አለ፣ ግን ታሪኩን አያቆመውም። ባለሪሞቷ፣ አንቺ የምትፈልጊው ይህን ይመስለኛል።

ስለ «ሲግናል» አንድ ነገር ልጨምር። ታሪኩ ውስጥ ካሉት ወንጀሎች አንዱ በ1980ዎቹ መጨረሻ ህዋሶንግ አካባቢ ከተፈጸሙት እውነተኛ ግድያዎች የተወሰደ ነው። ድራማው በ2016 ሲተላለፍ ገዳዩ ገና አልታወቀም ነበር። በ2019 ፖሊስ በዲኤንኤ ምርመራ ሲደርስበት ሰውየው በሌላ ግድያ እስር ቤት ነበር። ይህን ካወቅኩ በኋላ እንደገና አየሁት፣ የአሁኑን ፖሊስ ከድሮው ፖሊስ ጋር የሚያገናኘው ያ ሬዲዮ ድምፁ ሲሰማ ሰውነቴ ይሸማቀቃል።

ጨረቃ
ስለ ገዳይና ስለ በቀል ብቻ ታወራላችሁ። ለእኔ የኮሪያ ድራማ ትልቁ ነገር ምንም የማይፈጠርበት ነው። «ማይ ሚስተር»ን ያያችሁ የላችሁም? ዕዳ ያጎበጣት ልጅ መስማት የማይችሉ አያቷን ጨረቃ ለማሳየት በገበያ ጋሪ እየገፋች የምትወስድበት ቦታ አለ። እዚያ ቦታ ላይ ማንም አይሞትም፣ ማንም አይሳምም። ያን ያህል ያለቀስኩበት ድራማ የለም። መጀመሪያ ላይ ጨለማ ነው፣ አልዋሽም፣ እስከ ክፍል 4 ታገሡት።

ከዚያ ደግሞ «ሪፕላይ 1988»። በአንድ የሴኡል ሰፈር ጎን ለጎን የሚኖሩ ቤተሰቦች፣ እራት ሲደርስ ልጆቹ ሳህን ይዘው ከቤት ቤት የሚመላለሱበት። የዋናዋ ልጅ ባል ማን ይሆን የሚለው ጥያቄ እስከ መጨረሻ ይጎትታል፣ ዋናው ግን እሱ አይደለም፣ እናቶቹና አባቶቹ ናቸው።

የድሮ ተመልካች
ጨረቃ፣ «ማይ ሚስተር» ላይ እስማማለሁ። «ሪፕላይ 1988» ግን ለእኔ ረዘመ። 20 ክፍል ነው፣ አንዳንዱም ከአንድ ሰዓት ተኩል ያልፋል። ባልየውን በተመለከተም በተሳሳተ ልጅ ላይ ብዙ ተስፋ አስደርገውናል። እስካሁን አልተዋጠልኝም።

ጨረቃ
ርዝመቱ ነው እኮ ጎረቤት የሚያደርግህ! ሰዎቹን ለመልመድ ጊዜ ያስፈልጋል። ደግሞ ስለ ባሉ ዝም በል፣ እሷ ገና አላየችውም።

ባለሪሞቷ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እስከ ንጋት፣ «ዘ ግሎሪ»ን ለሳምንቱ መጨረሻ አስቀምጬዋለሁ፤ ደራሲውን መከተል የሚለው ሐሳብ ጭራሽ አልመጣልኝም ነበር።

ትናንት ማታ ግን የጨረቃን ሰምቼ «ሪፕላይ 1988»ን ጀመርኩ። መካከለኛዋ ልጅ ሁልጊዜ ልደቷ በእህቷ ኬክ ላይ ተደርቦ ሲከበርባት ትቆይና በመጨረሻ ትፈነዳለች። ከዚያ አባቷ ማታ ለብቻዋ ኬክ ገዝቶ መጥቶ፣ እኔም አባት ሆኜ አልተወለድኩም፣ አባት ስሆን የመጀመሪያዬ ነው ይላታል። እኔም መካከለኛ ልጅ ነኝ። ድራማውን አቁሜ አለቀስኩ። ገና ክፍል 1 ነው።

እባካችሁ ባሏ ማን እንደሆነ ማንም እዚህ እንዳይጽፍ።